ክረምቱን የተኛ ፓምፕ፦ ካርቡሬተር የሚደፍኑ ስህተቶች

ጥቅምት ገብቶ የመስኖ ሥራ ሲጀመር፣ የደምቢያ ገበሬ ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ አዘዞና ወደ ጎንደር ያመጣል። አቤቱታው ሁሌም ያው ነው። «ሰኔ ላይ ደህና አድርጎ ሲሠራ አስቀመጥሁት፤ አሁን ገመዱን ብስብ ብስብ አልነሳም አለ።»

«አያ፣ ቤንዚኑ የመቼ ነው?» እለዋለሁ።

«የዚያው የሰኔው ነዋ፣ ልጄ! ምን አስወጣኝ?»

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን በሆዱ ይዞ እንዲከርም መተው። ቤንዚን እንደ ጠጅ አይደለም፤ ሲከርም ይበላሻል። ቶሎ የሚቀጣጠለው ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ ይሄዳል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። ይህ ለመጀመር አንድ ወር ሊበቃው ይችላል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደግሞ አራት ወር አለ። ዝቃጩ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር ከሚቀላቅለው ክፍል) ሥር ባለችው ሳህን ይጠራቀምና ጄቷን (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) ይደፍናል። የዋናዋ ጄት ቀዳዳ እንኳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ታንሳለች፤ የሚኒሞዋ (ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ነዳጅ የምትሰጠው) ደግሞ ከዚያም ትቀጥናለች። ሞተሩ ቾክ (አየር መቀነሻው) ሲያዝ ብቻ ተነስቶ፣ ቾኩ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ከተቸገረ፣ ከሌላው ነገር በፊት እዚያ ተመልከቱ።

መከላከያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻውን ውሃ አጠጥታችሁ ስትጨርሱ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ሲበርድ ከሳህኗ ሥር ያለችውን ብሎን አላልታችሁ የቀረውን አፍስሱ። ታንኩንም አራግፉ። ግማሽ ታንክ ትቶ ማክረም ከሁሉም ይብሳል፤ በክረምት ቅዝቃዜ ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ የብረት ታንክ ከሆነም ያዝጋል። (ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ በአፋችሁ አትሳቡ። ሳንባ ከገባ ቀልድ አይደለም።)

ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚሠራ ስህተት ነው፤ መዝጊያው ሳይዘጋ ፓምፑን መጫን። ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን የምትገታ ትንሽ መርፌ አለች። ባጃጁ ሲንጠው መርፌዋ በደንብ አትገጥምም። ቤንዚኑም ሾልኮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ማሳ ላይ ደርሳችሁ ዘይቱን ስትለኩ ከምልክቱ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ካገኛችሁት እንዳታስነሱት፤ የቀጠነ ዘይት ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል። መዝጊያውን ዝጉ፣ ዘይቱን ቀይሩ። በጎን አጋድሞ መጫንም ዘይቱን ወደ አየር ማጣሪያው ይልከዋል፤ ፓምፕ ቆሞ ነው መጓዝ ያለበት።

ሦስተኛው ቤንዚንን በሃይላንድ ላስቲክና በምግብ ዘይት ጀሪካን መያዝ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ከተገኘበት መቅዳት ግድ ነው፣ እሱ ይገባኛል። ግን ጀሪካኑ ሥር የቀረ ጠብታ ውሃ ወይም የምግብ ዘይት በቀጥታ ካርቡሬተር ይገባል። በጨርቅ አጥልዬዋለሁ ማለት አያድንም፤ ጨርቅ አሸዋ ይይዛል እንጂ ውሃ አያስቀርም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ዕቃውን ሳታንቀሳቅሱ ጥቂት አቆዩትና የመጨረሻውን አንድ ሁለት ጣት የሚያህል አትገልብጡ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ግን ዘቅጦ አይለይም፤ ሞተሩን ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ካንዴላውንም (እሳት ሰጪውን) በጥቀርሻ ያለብሰዋል።

አራተኛው የእኛ የሠሪዎቹም ጥፋት ነው፤ ጄትን በመርፌ መጎርጎር። ጄት የምትሠራው ከነሐስ ነው፣ ብረት ሲገባባት ትሰፋለች። የሰፋች ጄት ደግሞ ነዳጅ ታበዛለች እንጂ ወደ ቀድሞዋ አትመለስም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በልብስ መስፊያ መርፌ «አጽድቼ» የሰውን ሞተር ጥቁር ጭስ አስተፍቼዋለሁ። ፈትታችሁ በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፏት፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፏት፤ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ።

የጎንደርን ከፍታ መርሳትም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህን ያየ ሰው «አየር ይግባለት» ብሎ ማጣሪያውን አውልቆ ይጥላል። የደምቢያ አቧራ ታዲያ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል! ስፖንጁን በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት ዘይት ቀብታችሁ ጨምቁና መልሱት። የሚቀየረው ጄቷ ናት፤ በከፍታው ልክ አነስ ያለች ትገባለች። ያንኑ ሞተር ይዛችሁ ወደ መተማ ከወረዳችሁ ግን የቀድሞዋን መልሱ፤ አለዚያ ነዳጅ ያንሰውና ከልክ በላይ ይግላል።

ባሕር ዛፍ የምትቆርጡበት መጋዝ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ይፈልጋል፤ መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው። በግምት የሚያንቆረቁሩ አሉ። ባለ አራት ምት (ዘይቱ ለብቻው የሚሞላ) ፓምፕ ላይ ግን ምንም ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አይቀላቀልም።

ሱቅ ውስጥ መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቅ ጄኔሬተርም ከፓምፑ አይለይም። በወር አንዴ ወደ ደጅ አውጡትና ፍሪጅ ወይም ምጣድ፣ የሚችለውን ያህል ሰክታችሁ ሩብ ሰዓት ይሥራ። ቤት ውስጥ በፍጹም አታስነሱት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሳይሸት ይገድላል።