ከሠርጉ በፊት፦ ሽምግልናውን፣ ቀለበቱንና የፊርማውን ወረቀት አብሮ ማሰናዳት

አዲስ አበባ ውስጥ ለመጋባት የተስማሙ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ አዳራሹና ስለ እንግዳው ብዛት ነው። ከዚያ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ግን ጋብቻው በሕግ ፊት የሚጸናበት ቀን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻን በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት የሚፈጸመውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውንና በባህል የሚፈጸመውን። ሦስቱም በሕግ እኩል ናቸው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈርመው ድግሱን ጥር ላይ የደገሱ ጥንዶች ባልና ሚስት የሆኑት በታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከፈላቸው ደመወዝም የጋራ ሀብት ነው። ፊርማውን እንደ ተራ ጉዳይ በምሳ ሰዓት ሮጦ መጨረስ ተገቢ የማይመስለኝም ለዚህ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የምትጋቡ በየክልላችሁ ሕግ መሠረት ማጣራት ይኖርባችኋል።

የሠርጉን ቀን ከቆረጣችሁ በኋላ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በአጽዋማት ሠርግ ስለማይደግሱ፣ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሠርግ ይጣበባሉ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው እንበል። ሽማግሌ በጥቅምት ቢላክ፣ ቀለበቱም የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ቢታሰር፣ ከዚያ እስከ ገና ዋዜማ ያሉት ስድስት ሳምንታት ድግስ የሌለባቸው በመሆናቸው ለወረቀቱ ሥራ የሚመቹ ይሆናሉ። ጥሎሹ ከገና በኋላ ይደርሳል።

ሽምግልናው ከሁሉም ቀዳሚ ስለሆነ በጥንቃቄ ይሰናዳ። የሚላኩት ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ንግግር የሚያውቅ፣ አንዱም በሁለቱም ቤተሰብ ዘንድ የሚከበር ቢሆን መልካም ነው። ሽማግሌዎቹ በሴቲቱ ቤት ሲደርሱ «ተቀመጡ» ቢባሉም የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ከጠየቁ በኋላ ነው ወንበር የሚይዙት። በመጀመሪያው ቀን መልስ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሊማከርና ስለ ልጁ ሊያጠያይቅ ቀጠሮ ይሰጣል። በአማራው ባህል ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር፣ ወንዱ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም አስቀድሞ ጽፎ ለሽማግሌዎቹ ቢሰጥ አንድ ቀጠሮ ያተርፋል። የሕጉ ክልከላ ከዚህ እጅግ የጠበበ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሕጉ የሚከለክለው በቀጥታ የሚወላለዱትን፣ ወንድምና እኅትን እንዲሁም አክስትንና አጎትን፣ በተጨማሪም በጋብቻ የሚመጣውን የቅርብ ዝምድና ነው። ሆኖም ወላጆች የሚጠይቁት ስለ ሰባቱ ቤት ነውና፣ ሕጉን ጠቅሶ ከመከራከር ይልቅ ቆጠራውን በአክብሮት መፈጸም ይሻላል። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን አስቀድመው ቢያውቁትም እንኳ ሽምግልናውን ለቪዲዮ ሲባል የሚደረግ ትርኢት አታድርጉት፤ ወደፊት በትዳራችሁ ችግር ቢገጥማችሁ የምትጠሯቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ቀለበቱ በሴቲቱ ወላጆች ቤት በቅርብ ዘመድ ብቻ ቢሆን ይበቃል። በዚያው ዕለት ግን አንድ ቁም ነገር ሥሩ፤ ለፊርማው ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክሮች ምረጡና ቃል አስገቧቸው። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ በድምሩ አራት ሰዎች ያስፈልጓችኋል፤ መታወቂያቸው ያልታደሰ ከሆነም ለማሳደስ ጊዜ ያገኛሉ። የእኛ አንዱ ምስክር በፊርማችን ቀን ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዞ በመምጣቱ ሌላ ሰው ፈልገን እስክናመጣ ግማሽ ቀን ቆመናል። ያ ግማሽ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል።

ወደ ወረቀቱ ስትገቡ የሁለታችሁ የነዋሪነት መታወቂያና ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲሁም ያላገባችሁ መሆናችሁን የሚያሳየው ማስረጃ በእጃችሁ ይሁን። ያላገባ ማስረጃ የሚሰጠው በነዋሪነት በተመዘገባችሁበት ወረዳ ስለሆነ፣ ከሁለት አንዳችሁ በቅርቡ ቤት ከቀየራችሁ መጀመሪያ መሸኛውን ጨርሱ። ሕጉም ጋብቻው ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም የቅርብ ዘመዳቸው ቢያንስ ስድስት ወር ሳያቋርጥ በኖረበት ስፍራ እንዲፈጸም ይጠይቃል። ከዚህ ቀደም አግብቶ የተፋታ የፍቺውን ማስረጃ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበትም የሞት ምስክር ወረቀቱን ያቅርብ፤ ሴቲቱ ደግሞ የቀድሞ ጋብቻዋ ከፈረሰ 180 ቀን ካልሞላት ሕጉ የሚፈቅዳቸውን ልዩ ሁኔታዎች ማጣራት ይኖርባታል። የጋብቻው ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ነው።

ለመጋባት ማሰባችሁን ለክብር መዝገብ ሹሙ የምታሳውቁት ከፊርማው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ነው፤ ሹሙም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ያወጣል። «እኛ ጋ በሦስት ቀን አለቀ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ እናንተ ግን የምትቆጥሩት ሕጉ ያለውን አንድ ወር ይሁን።

ከፊርማው በፊት፣ ቢዘገይ በዚያው ዕለት፣ ሊያልቅ የሚገባው ሌላው ሰነድ የጋብቻ ውል ነው። ውል ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ ስለ ንብረት ማንሳት ፍቅርን ማጓደል የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ውል ባይኖር ሕጉ ራሱ የሚያስቀምጠውን ካወቁ በኋላ መወሰን ይቻላል፤ ከጋብቻው በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ የግል ሆኖ ይቀጥላል፣ በትዳር ውስጥ የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው፣ የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ማንኛውም ንብረትም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከመካከላችሁ አንዳችሁ ክፍያው ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ወይም ከወንድም ጋር በሽርክና የያዘው ሱቅ ካላችሁ፣ የወደፊቱ ክፍያ ከጋራ ገቢ እንደሚወጣ አስቡና በግልጽ ተነጋገሩ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች፣ በባል በኩል ሁለት በሚስት በኩል ሁለት፣ ይፈረማል፤ ቀለበቱ ላይ የመረጣችኋቸው አራቱ እዚህም ይጠቅሟችኋል። «በኋላ እንደርስበታለን» ብሎ ማቆየት አይመከርም፤ ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት የሚያደርጓቸው ውሎች ፍርድ ቤት ካላጸደቃቸው ውጤት የላቸውም።

ከሁለት አንዳችሁ በውጭ አገር የምትኖሩ ከሆነ የአንድ ወሩ ማስታወቂያ ዋናው እንቅፋት ይሆናል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ሙሽራ ወረቀቱን ከመሳፈሩ በፊት መጀመር አለበት። ከሚኖርበት አገር የሚያመጣው ያላገባ ማስረጃ በዚያው አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። በውክልና መጋባት በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ሁለቱም በአካል መቅረብ አለባቸው።

በቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትጋቡ ከሆነ ንስሐ አባታችሁን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ፤ ተክሊል ይሁን ቁርባን የሚወሰነው ከእሳቸው ጋር ነው፤ ብዙ አጥቢያዎችም የደም ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። ምርመራውን ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ አድርጉ፤ ውጤቱንም አብራችሁ ስሙ። በኒካህ ለሚጋቡ ደግሞ ወሊዩ (ሙሽሪትን የሚድረው የቅርብ ዘመድ)፣ ምስክሮቹና የመህሩ (ባል ለሚስት የሚሰጠው ስጦታ) መጠን አስቀድመው ይታወቁ፤ መህሩም በጽሑፍ ይስፈር። በሁለቱም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ይህን የምትሠራው ብዙውን ጊዜ ከጫጉላ የተመለሰች ደክሟት ያለች ሚስት ስለሆነች፣ ቀኑን ከወዲሁ ተቀጣጠሩ።

የፊርማው ቀን ራሱ ትንሽ ድግስ ይገባዋል። በጠዋት ሂዱ፤ ሙሽሪት የሐበሻ ቀሚስ ብትለብስ ያምርባታል። የምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ከፓስፖርታችሁ ጋር፣ የልደት ቀናችሁንም በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሩ፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ለቪዛ ወይም ለቤተሰብ ማመልከቻ በምትፈልጉበት ጊዜ ትከብዳለች። የሚስት ስም በአገራችን ልማድ ከነአባቷ እንዳለ ስለሚቀጥል በዚያ በኩል የሚቀየር ሰነድ የለም። ከዚያ አራቱን ምስክሮች ምሳ ጋብዙ፤ ጾሙም ስለሆነ አንድ ሰፊ በያይነቱ ለስድስት ሰው ደስ የሚል ማዕድ ነው።

ከገና ወዲህ ቤቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ድንኳኑና ድስቱ ከእድር ተጠይቋል፣ ጎረቤት ለሽንኩርቱ ቢላውን ይዞ ይመጣል። በጥሎሹ ቀን ቬሎው፣ ጫማው፣ ወርቁና ሽቶው ከሻንጣው እየወጣ በአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሲጠራ፣ ለእናትየው የሚሆን ጥበብ ለአባትየውም ጋቢ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ከወርቁ መጠን ይልቅ የሚታወሰው ይህ ነው። ለወርቅ ሲባል መበደር ግን አልመክርም፤ ዕዳው የሚከፈለው ከጋራው ደመወዝ ነውና።

በጎጃምና በጎንደር ልማድ ሙሽሪት እንሶስላ የምትሞቅበት፣ በወሎና በሐረርም ሂና የሚደረግበት ምሽት ሲደርስ ሳያልቅ የቀረ የወረቀት ሥራ መኖር የለበትም። ቀለሙ እስኪይዝ እጇ ተጠቅልሎ ስለሚቆይ፣ የአዳራሹን ቀሪ ሒሳብ፣ የሹፌሩን ስልክና የምስክር ወረቀቱን ዋና ቅጂ ከዚያ በፊት ለአንደኛ ሚዜዋ ታስረክብ።