እሑድ ተሰብኮ ሰኞ የሚፈርስ፦ በአገልግሎት ሕይወት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እግዚአብሔርን ማክበር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መድረክ ነው። መዝሙር፣ ስብከት፣ ጸሎት። ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች «ሁሉን ለእግዚአብሔር ክብር አድርጉት» ሲል አስቀድሞ የጠቀሰው መብላትና መጠጣትን ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 10፥31)። የምንሳሳተውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ተራ ኑሮ ላይ ነው።

ሥራን «ዓለማዊ»፣ አገልግሎትን «መንፈሳዊ» ብሎ መክፈል

ሌሊቱን ሲጸልይ ያደረ ወንድም ጠዋት ቢሮ አርፍዶ ይገባል። ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። ስልኩን ጎኑ ያለችው ባልደረባው ታነሳለታለች፤ ሪፖርቱንም እሷው ትጨርሰዋለች። ማታ ሲወጡ ደግሞ «እሑድ ፕሮግራም አለን፣ ለምን አትመጪም?» ይላታል። ምን ብላ ትምጣ? ስለ እምነቱ እስካሁን ያየችው ነገር ቢኖር እሷ ላይ የተደረበውን ሥራ ነው።

ዘጸአት 31 ላይ ባስልኤል የሚባል ሰው አለ። በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ይላል። ለምን? ለመስበክ አይደለም። ወርቅ፣ ብርና ናስ ሊሠራ፣ ድንጋይ ሊቀርጽ፣ እንጨት ሊጠርብ ነው። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ያ ሥራ ከስብከቱ ያነሰ ነው ብሎ የጻፈበት ቦታ የለም።

አሠሪ ከሆንን ጉዳዩ ይከብዳል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። አሥራቱን በሰዓቱ እየሰጠ የሰው ደመወዝ የሚያጓትት ሰው ምን እያከበረ እንደሆነ እንጃ።

ቤተሰብን በአገልግሎት ስም መርሳት

ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ኢየሱስ አንድ ብልሃት ያጋልጣል። ሰዎች አባትና እናታቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ነገር «ቁርባን ነው» ይሉታል፤ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል? በዚህ ወግ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ አላቸው።

ዛሬ «ቁርባን» የሚል የለም። «ስብሰባ አለብኝ» ነው የሚባለው። ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ ይጠብቃል፤ አባት የሌላ ሰው ልጆች እያስተማረ ያመሻል። ማስተማሩ ክፉ አይደለም። ግን ጢሞቴዎስ የተነገረው ነገር ግልጽ ነው፦ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል? የሳምንቱን ፕሮግራም ከመሙላታችን በፊት ቤት ያሉትን ብንጠይቅ ይሻላል። መልሳቸውም «ጌታ ካለ እሺ» ከሆነ ዝም ብለን አንመን። ከጌታ ጋር ተሟገተ መባልን የሚፈራ ሰው እንደዚያ ነው የሚመልሰው።

ሳይዘጋጁ ቀርቦ «መንፈስ ይመራናል» ማለት

መንፈስ ቅዱስ ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይም ይመራል። በሚልክያስ ዘመን ካህናቱ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ፣ እስቲ ይህንኑ ለገዢህ ውሰድለት፣ ደስ ይለው እንደሆነ እይ ተባሉ። ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሦስት ቀን ተዘጋጅቶ፣ ለስብከት መኪና ውስጥ ጥቅስ መፈለግም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«ጌታ ብሎኛል» ብሎ ውይይት መዝጋት

ይህ አነጋገር ሌላውን አፍ ያስይዛል። ጌታ ካለ ማን ይከራከራል? የመሰለንን «መሰለኝ» ማለት የጌታን ስም በከንቱ ከመጥራት ይሻላል።

ሁሉንም ለብቻ መሸከም

«እኔ ከሌለሁ ይቆማል» የሚለው ሐሳብ ትጋት ይመስላል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር ግን አላደነቀውም፤ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች አሾመው። በሐዋርያት ሥራ 6 ላይም የመበለቶች የዕለት ምግብ ጉዳይ ቅሬታ ሲያስነሳ ለዚያ ሥራ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። ማካፈል ስንፍና አይደለም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ቁልፉን የማይሰጠው ሌላው በደንብ እንዳይሠራበት ፈርቶ ነው።

ተጣልቶ ማገልገል

በማቴዎስ 5፥23-24 መሠረት፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ይዘህ ሳለህ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሄደህ ትታረቃለህ። ይህ የተነገረው በገሊላ ነው። መሠዊያው ያለው ኢየሩሳሌም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። የሰሙት ሰዎች በእግራቸው የቀናት መንገድ ተመልሶ፣ ታርቆ፣ እንደገና መምጣት ማለት መሆኑ ሳይገባቸው አልቀረም።

እኛ ዘንድ ሁለት ዘማሪዎች ለዓመት ሳይነጋገሩ አንድ ማይክ ይቀባበላሉ። እርቅ ሲታሰብም «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ይባልና ይታለፋል። እንዲህ ያለ ይቅርታ ጥፋቱን መልሶ የሚያስቀምጠው ተቀያሚው ላይ ነው። «ባለፈው ስብሰባ ላይ ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ነገሩን በስሙ መጥራት ይሻላል። ሰው ፊት የተደረገውም ሰው ፊት ይስተካከል፤ በስልክ ብቻ አይደለም። እሱ ወዲያው ባይመልስም ቶሎ ይቅር በለኝ ብሎ አለመጫን ነው።