ሳይታዘል፣ ሳይወዘወዝ ልጅ እንዴት ይተኛል?

እኛ ቤት እንቅልፍ የሚመጣው በአንቀልባ ነበር። ልጄ ደሴ ነው የተወለደው፤ ከአራስ ቤት ጀምሮ ያልታዘለበት ጀርባ የለም። የኔ፣ እቴቴ የምላቸው የአማቴ፣ የእህቴ፣ የጎረቤት። ማዘል ክፋት የለውም። ጭንቁ ሌሊት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እቴቴም ጎረቤትም የሉም፤ እኔና እሱ ብቻ ነን።

አምስት ወር ሲሞላው አንድ ሌሊት ሶፋ ላይ ተቀምጬ እያወዛወዝኩት እኔው ቀድሜ ተኛሁ። ብንን ስል ልጁ ከክንዴ ተንሸራቶ በኔና በሶፋው መደገፊያ መሃል ተወሽቋል። ደህና ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም። ሶፋ ላይ ህፃን ታቅፎ ማንቀላፋት ትንፋሹን ሊያሳጣው እንደሚችል አላውቅም ነበር። እንቅልፍ ከተጫናችሁ ሶፋ ላይ ይዛችሁት አትቀመጡ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ።

1. መጀመሪያ ዕድሜውን እዩ

ከአራት ወር በታች ከሆነ ሳይወዘወዝ መተኛትን ለማስለመድ ገና ነው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ቀንና ሌሊትም አይለይም። እዘሉት፣ እሹሩሩ በሉት፣ አይበላሽም። ከ4 እስከ 6 ወር መሃል ግን መጀመር ይቻላል። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አልጨምር ያለ ከሆነ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ደግሞ የሌሊት ጡት ይቅር አላልኩም። የራበው ይጠባል። የምናስተወው ዥዋዥዌውን ነው።

2. መኝታው

በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ከናንተ ጋር በአንድ ክፍል ግን በራሱ መኝታ። ትራስ የለም፣ ጋቢ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። በጀርባ ማስተኛቱ አንድ ዓመት እስኪሞላው ነው።

ደሴ ላይ ይህን ስትናገሩ ይሳቅባችኋል። «በዚህ ብርድ ያለ ጋቢ?» አሉኝ እቴቴ። እውነታቸውን ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታህሳስ ሌሊት አይጣል ነው። ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ በአንድ ቀጭን ልብስ ታስተኛዋለች፤ የሷን ምክር እኛ ቤት መከተል አይሆንም። እኔ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከፍላኔል ጨርቅ እጅጌ የሌለው ከረጢት አሰፋሁለት። አንገቱ ልክ ነው፣ ራሱ ወደ ውስጥ አይሰምጥም፣ ከስር ዝግ ነው። ከውስጡ ሙሉ ልብስ ይለብሳል። የተገዛው ያምራል፤ የሰፊው ግን ያሞቃል። በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኩ፤ የህፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳብሱ። ካላበው በዝቶበታል።

ከሰል ግን በፍጹም! ቡና ተፈልቶበት ፍም የቀረውን ምድጃ «ክፍሉን ያሙቅለት» ብሎ ማስገባት የተለመደ ነው። የከሰል ጢስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው፤ ተኝቶ ያለ ሰው ሳያውቀው ይገላል። የእጣኑም ጭስ ለሱ ሳንባ አይሆንም።

3 እና 4. ምሽቱና ጡቱ

የኔ ሰዓት የመግሪብ አዛን ነው። አዛን ሲል ውሃ ይጣዳል። በሞቀ ጨርቅ ይታሻል፣ ይለብሳል፣ ይጠባል፣ መብራት ይቀንሳል፣ እሹሩሩ፣ መኝታ። በየቀኑ ያው ቅደም ተከተል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ላይ ነው። ጡቱ ከእሹሩሩና ከመኝታ በፊት መሆኑን አስተውሉ። ጡት አፉ ውስጥ እያለ ከተኛ አንቀልባውን በጡት ለወጣችሁ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

«ቀን እንዳይተኛ አድርጊው፣ ማታ ይደክመዋል» የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። እንቅልፍ ያለፈው ልጅ እንዴት እንደሚጮህ አየሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ4 እስከ 11 ወር ላለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንቅልፍ ነው የሚለው። የቀኑን ሰርቃችሁ ለሌሊቱ መክፈል አይቻልም። ሲያዛጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ጆሮውን ሲጎትት ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

5. ማስቀመጡ

ሁሉ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፤ ስለዚህ ታገሱኝ።

የህፃን እንቅልፍ አንድ ዙሩ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። በየዙሩ መጨረሻ ሊነቃ ምንም አይቀረውም። እኛም እንደዚያው ነን፤ ገልበጥ ብለን እንተኛለን፣ ጠዋት አናስታውሰውም። እሱ ግን የተኛው በሞቀና በሚንቀሳቀስ ጀርባ ላይ ነው። ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ ጀርባው የለም። እናንተስ አልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ ሰኞ ገበያ መሃል ብትነቁ አትጮሁም? ስለዚህ ሲተኛ ያየው ነገርና ሲነቃ የሚያየው ነገር አንድ መሆን አለበት። አልጋው ላይ ዓይኑ ሳይከደን መድረስ አለበት ማለት ነው።

እኔ ይህን ከመረዳቴ በፊት ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ድብን ብሎ እስኪተኛ አዝዬው፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ አወርደው ነበር። ጀርባው ፍራሹን ሲነካ ብንን! ቀጥሎ ደግሞ ተናድጄ ፍጹም ንቁ እያለ አስቀምጬው ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ አለቀሰ። አንጀቴ አልችል አለና ተመልሼ አዘልኩት። ሃያ ደቂቃ ካለቀስክ አንቀልባ ይመጣል ብዬ አስተማርኩት ማለት ነው።

የሠራልኝ ይህ ነው። ታቅፋችሁ ቁሙ፤ አትወዛወዙ። እሹሩሩ ማለት ትችላላችሁ፤ እኔ ዜማውን አልተውኩም፣ እንቅስቃሴውን ነው ያስቀረሁት። ዓይኑ ከበድ ሲለው፣ ጭብጥ ያደረገው እጁ ሲላላ፣ ግን ስታንቀሳቅሱት አሁንም ገለጥ ሲያደርግ፣ አሁን ነው። ደረታችሁ ከደረቱ ሳይርቅ ጎንበስ በሉ። መቀመጫው ቀድሞ ፍራሹን ይንካ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ። ጭንቅላቱ ከቀደመ የሚወድቅ ይመስለውና እጁን ዘርግቶ ይደነግጣል። ከዚያ እጃችሁን ወዲያው አታንሱ። አንዱን ደረቱ ላይ አሳርፉ፣ በሌላው ጎኑን መታ መታ አድርጉ።

ይነጫነጫል። መነጫነጭ ልቅሶ አይደለም። እስከ ስልሳ ቁጠሩ። የእውነት ካለቀሰ አንሱት፣ ዝም እስኪል ብቻ ታቀፉት፣ ሳይተኛ መልሱት። እንደገና። እንደገና። በመጀመሪያው ሌሊት አስራ አራት ጊዜ አንስቻለሁ፤ ወገቤ ተቆረጠ። በሁለተኛው ባሰበት፣ ልተወው ነበር። በአራተኛው ሌሊት ሦስት ጊዜ ብቻ።

ሲለምድ እጃችሁን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀንሱ፦ መታ መታው ይቅርና እጅ ብቻ፣ ከዚያ እጅ ፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ድምፅ ብቻ። እኔ ወንበሩ ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ትዕግስታችሁ ካለቀ፣ ያልቃልም፣ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስቀምጡና ውጡ። ጥቂት ደቂቃ ንፋስ ውሰዱ። ህፃንን በንዴት መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ልቅሶው አይገለውም።

6. ሌሊት ሲነቃ

ያው። መብራት አይበራም፣ ወሬ የለም፣ ካካ ካላለ ዳይፐር አይቀየርም። አንድ ነገር ብቻ፦ ህፃን ተኝቶም ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ ድምፅ ያወጣል። እኔ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር እየዘለልኩ አነሳው ነበር። ለካ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።

ስለ ዕቃዎቹ

በመብራት የሚወዛወዘውን ወንበር አትግዙ። መብራት ሲጠፋ ልጁም እናንተም ታለቅሳላችሁ። ዋናው ግን ዘንበል ያለ መቀመጫ ላይ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሽ ያጥረዋል። «እንዲተኛ» ተብሎ የሚሰጥ የጉንፋን ሽሮፕም አይሆንም። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ማታ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በባጃጅ አዙሮት መጣ። ተኝቶ ነበር። በራችን ላይ ባጃጁ ሲቆም ነቃ፤ ሂሳቡም ተከፈለ።

እቴቴን በተመለከተ

የከበደኝ ልጁ አይደለም። እቴቴ በር ላይ ቆመው «ልጅ እያለቀሰ ዝም ይባላል እንዴ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ቡና አፍልቼ፣ አቦሉን ጠጥተን ነገርኳቸው። «እቴቴ፣ ትቼው አይደለም፣ እጄ ላዩ ላይ ነው፤ ገብተው ይዩ» አልኩ። ገብተው አዩ። «አብሽሪ» ብለው ወጡ። ቀን ቀን እሳቸው ያዝሉታል፣ ማታ የኔ ነው ተባባልን። ልጁም ቀንና ማታውን፣ ጀርባና አልጋውን ለየ።

ጉንፋን ሲይዘው ወይም ሲያተኩሰው ሁሉንም ትቼ አዝለዋለሁ። ሲሻለው ከወንበሩ እንጀምራለን፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ይበቃዋል።