የሚያታ ካምቢዮ ስትቀይሩ ምን ከምን ጋር ይገጥማል?

የኔ መኪና የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት፣ 1.6 ሞተር ባለ 5 ማርሽ። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ አልገባ ሲለኝ ካምቢዮውን ለመቀየር ወሰንኩ፣ እዚህ ሜሪላንድ ጋራዦች የሚጠይቁትን የጉልበት ዋጋ ስሰማ ደግሞ ራሴ ልስራው አልኩ። ያገኘሁት ካምቢዮ 1.8 ሞተር ካላት የ1999 ሞዴል የወጣ ነው። ይገጥማል ወይ? አዎ፣ ከሞተሩ ጋር በብሎን ይታሰራል። ችግሩ ያለው ካምቢዮውን የሚነኩት ነገሮች ላይ ነው።

መጀመሪያ ባለ 5 ወይስ ባለ 6 የሚለውን ወስኑ። ብዙ ሰው ባለ 6 ለሃይዌይ ይሻላል ብሎ ይገዛል፣ ግን የባለ 6 የመጨረሻ ማርሽ ሬሾ 0.843 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል)፣ የባለ 5 አምስተኛ ደግሞ 0.814። ዲፍረንሻሉን ካልቀየራችሁ ሃይዌይ ላይ ሞተሩ እንደውም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። ማዝዳ ራሱ ከባለ 6 ጋር ሬሾው 3.9 የሆነ ዲፍረንሻል ነበር የሚያስገባው፣ የኔ 4.30 ነው። ስለዚህ ለተራ መንዳት ባለ 5 ግዙ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አሁን ዋናው፣ ፍሪሲዮን። 1.6 ሞተር የሚጠቀመው ስፋቱ 200 ሚሊሜትር የሆነውን ነው፣ 1.8 ደግሞ 215። እኔ ካምቢዮው ከ1.8 ስለመጣ ፍሪሲዮኑም የ1.8 መሆን አለበት ብዬ አዘዝኩ፣ ሻጩም አዎ አለኝ። ሲመጣ ዲስኩን የካምቢዮው ዘንግ ላይ አስገብቼ ሞከርኩት፣ ጥርሱ ልክክ አለ፣ ደስ አለኝ። ግን ያ ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም የዘንጉ ጥርስ በሁለቱም አንድ ነው። እሁድ ማታ መኪናዋ ስር ተኝቼ ፕሬሸር ፕሌቱን (ዲስኩን የሚጫነውን የፍሪሲዮን ክዳን) ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባዱ ክብ ብረት) ሳስጠጋው የብሎን ቀዳዳዎቹ ጭራሽ አይገናኙም። ቮላኖዬ የ1.6 ነዋ! ፍሪሲዮን የሚመረጠው በቮላኖው ነው እንጂ በካምቢዮው አይደለም። መውጫው ሁለት ነው፣ ወይ 200ውን መግዛት ወይ የ1.8 ቮላኖ መፈለግ፣ እሱ 1.6 ሞተር ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይታሰራል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ ምክንያቱም ትልቁ ፍሪሲዮን የተሻለ ይይዛል፣ ግን ያገለገለ ቮላኖ አግኝቼ ፊቱን አስተካክዬ እስክጨርስ መኪናዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታንድ ላይ ቆመች። እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት አሮጌውን ፍቱና በሜትር ለኩ። ኩሽኔታዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ለትንሽ ብር ብላችሁ ካምቢዮውን ሁለተኛ እንዳታወርዱት።

ማውረዱ ያው የታወቀ ነው፣ ባትሪ ንቀሉ፣ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሱ፣ ጭስ ማውጫውንና ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ፍቱ። ካምቢዮውን ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚያያይዘውን ረጅም አሉሚኒየም ስትፈቱ ግን ካምቢዮው ክሪክ ላይ ይረፍ፣ ያለበለዚያ ሞተሩ ወደ ኋላ ያጋድልና ከጀርባው ያለው ሴንሰር ከሞተሩ ኋላ ካለው የመኪናው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከመፍታታችሁ በፊት ከአሉሚኒየሙ እስከ መኪናው ወለል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ፣ ስትመልሱ እዚያው ካልገባ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።

ስትገጥሙ ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ሞተሩ ላይ ጥግ ድረስ መግባት አለበት። በብሎን እየሳባችሁ አታስገቡት፣ ጆሮው ይሰበራል።

የ1999ኙ ፍጥነት የሚቆጥረው በኤሌክትሪክ ሴንሰር ነው፣ የኔ በኬብል። ከአሮጌው ካምቢዮ ላይ የኬብሉን ትንሽ ጥርስ ከነቤቱ አውጥታችሁ አዲሱ ላይ ክተቱ፣ ዲፍረንሻላችሁ ያው ስለሆነ ንባቡም ትክክል ይሆናል። የሪቨርስ መብራት ስዊቹም ሶኬቱ ካልገጠመ የአሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱ ላይ ክተቱ።

ዘይት ወደ 2 ሊትር ነው፣ እኔ 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ነው የምጠቀመው። ማርሽ የምትቀይሩበት ዱላ ስር ያለችው ትንሽ ጉድጓድ ለብቻዋ ዘይት አላት፣ ከታች የሞላችሁት እዚያ አይደርስም። ላስቲኳ የተቀደደች ከሆነች ኮንሶሉን ሳትዘጉ ቀይሯት።