የሐይቅ ዳርቻን በአገር በቀል ተክሎች ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐይቅ ዳር የተተከለ ችግኝ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያለቦታው ስለተተከለ ወይም ሥር ሳይሰድ ማዕበል ስለመታው ነው። ተከላው ከመጀመሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ከተከላው ይበልጣል።

አፈሩን የሚወስደውን ሳይለዩ መትከል። ግርጌው ተቦርቡሮ ከላይ ያለው ሣር ተንጠልጥሎ ከቀረ የሚሸረሽረው ማዕበል ነው። ከላይ ወደ ታች የተቀደዱ ቦዮች ካሉ ግን ችግሩ ከጣሪያ፣ ከመንገድ ወይም ከማሳ የሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፉን መጀመሪያ ካላስቀየሱት የተተከለው ሁሉ ከአፈሩ ጋር ይጠረጋል።

የውሃውን ከፍታ በአንድ ቀን እይታ መወሰን። ሐይቅ በየወቅቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት፣ ማዕበል የተፋው ግብስባስ የተከመረበትንም መስመር ይፈልጉ። ፊላና ደንገል ከውሃው ጠርዝ እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ቄጠማ እርጥቡ ጠርዝ ላይ፣ አኻያ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ሥራቸው ጥልቅ የሆነ ሣርና ቁጥቋጦ ደግሞ ተዳፋቱ ላይ ይተከላሉ። የፊላና የደንገል ችግኝ ጫፍ ከውሃ በላይ መታየት አለበት፤ ሥሩ አየር የሚያገኘው በግንዱ በኩል ስለሆነ ጨርሶ የተዋጠ ችግኝ ይበሰብሳል።

ግርጌውን ባዶ መተው። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሥር አፈር እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሁለት የእድገት ወቅት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ማዕበሉን የሚሰብር ነገር ያስፈልጋል። 30 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የኮኮናት ቃጫ ጥቅል ውሃው መስመር ላይ፣ በጥልቀት ባልተቆፈረ ቦይ ውስጥ ያስተኙ። በግራና በቀኙ በየ60 ሳንቲሜትሩ 90 ሳንቲሜትር የሚረዝም የእንጨት ችካል ይምቱና በገመድ አስተሳስረው ያጥብቁ። ሁለቱን ጫፎች ወደ ዳርቻው አጥፈው ይቅበሯቸው፤ ካልተቀበሩ ውሃው ከጀርባ ገብቶ አፈሩን ይዝቃል፣ ጥቅሉም ብቻውን ይቀራል። ቃጫው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ያኔ ሥራውን ሥሩ ይረከበዋል።

የአኻያ ቁራጭን ገልብጦ መትከል። ቀላል ይመስላል፣ ግን በየተከላው ይታያል። ተክሉ ቅጠል ባረገፈበት ወይም እድገቱ በቀዘቀዘበት ወቅት አውራ ጣት የሚያህል ውፍረትና ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ አሹለው፣ የላይኛውን ቀጥ አድርገው ከቆረጡት አይሳሳቱም። ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ጉድጓዱን በብረት ዘንግ ቀድመው ይብሱና ከቁራጩ ሁለት ሦስተኛውን ያስገቡ፣ ዙሪያውን በእግር ይጠቅጥቁ። አፈሩ ካልነካው ሥር አያወጣም።

በግንብ መጀመር። ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግንብ ማዕበሉን መልሶ ይገፋዋል፤ የተመለሰው ውሃ የግንቡን እግርና የጎረቤትን ዳርቻ ይቆፍራል።

ቶሎ የሚያረነጉድ ባዕድ ተክል ማምጣት። እምቦጭ አበባው ቢያምርም ሥሩ ውሃው ላይ ተንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ ነው፤ አንዲት ጭብጥ አፈር እንኳ አይዝም። ከሌላ ረግረግ ከነጭቃው የተነቀለ ችግኝም የእምቦጭ ቁርጥራጭ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል።

ማዳበሪያ መበተን። ፎስፈረሱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ አልጌ ያፈላል።

ከተከላ በኋላ መርሳት። ከብት በአንድ ቀን ሁሉንም ረግጦ ይጨርሳል፤ ሥር እስኪይዝ ይታጠር። የውሃ ወፎች ለጋውን ስለሚነቅሉ አጥሩ በሐይቁ በኩልም ይዙር። የደረቀ ፊላ የሞተ መስሎ ከውሃ በታች እንዳይታጨድ፤ የቆመው ደረቅ አገዳ ማዕበል ይሰብራል፣ ለሥሩም አየር ያደርሳል።