ከሌላ ሞዴል የወጣ የኋላ ቸርኬን በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ መግጠም

የአሮጌ ሞተር ሳይክል የኋላ ታምቡር (የፍሬን ሸራዎቹ የሚጨብጡት የቸርኬው መሐል) ሲበላ ወይም ቸርኬው ሲጣመም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያፈላልገው የራሱን ሞዴል ዕቃ ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግን ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ለተሠራ ሞተር የሚሆን ቸርኬ ዕድል ካልቀናው በቀር አያገኝም፤ የሚያገኘው ከሌላ ሞዴል የተፈታ ወይም ከቻይና የመጣ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ገበያ የወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ሞተሩን ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች ስለቀዱት የቅጂዎቹ ቸርኬ ከሩቅ ሲታይ ያው የሆንዳው ይመስላል፤ የፔርኖው (በቸርኬው መሐል የሚያልፈው ብረት) ውፍረት፣ የታምቡሩ ስፋትና የስፕሮኬቱ (ካቴናው የሚያርፍበት ጥርሳማ ክብ) አቀማመጥ ግን ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሥራው የሚጀመረው ወደ ዕቃ መሸጫ ከመሄድ በፊት፣ አሮጌው ቸርኬ ገና ከቦታው ሳይነሳ ነው።

ሞተሩን በመሐል መቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙና በኋላ ሹካው ሁለት ክንዶች መካከል ያለውን የውስጥ ስፋት፣ የፔርኖውን ውፍረት፣ ከግራው ክንድ እስከ ስፕሮኬቱ ፊት ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ክንድ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት በካሊፐር ለክተው በወረቀት ይጻፉ። በስፕሮኬቱ ላይ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠሩ፤ በካቴናው ላይ የታተመውንም ቁጥር ያንብቡ። 428 የሚል ካቴና ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 520 የሚለው 15.875 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ በምንም መንገድ አይጋቡም። አሳሳቹ 420 ነው፤ የፒኖቹ ርቀት ከ428 ጋር አንድ ሆኖ ስፋቱ ብቻ ይጠባል፤ ስለዚህ የ428 ካቴና በ420 ስፕሮኬት ላይ የተቀመጠ መስሎ እየተወዛወዘ ሁለቱንም ይበላል።

ቸርኬ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የታምቡሩን ዲያሜትር ይመልከቱ፤ ከአሮጌው ያነሰ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። በሜዳ ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ጥንቃቄ የበዛ ሊመስለው ይችላል፤ ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ትንሽ ታምቡር ቶሎ ግሎ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። የቸርኬው ቁጥር ከ18 ወደ 17 ኢንች ቢወርድና ጎማው በውፍረቱ ያው ቢሆን፣ የሞተሩ ኋላ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህ ያን ያህል አያስቸግርም። የስፕሮኬቱ ጥርስ ከ40 ወደ 45 ቢጨምር ደግሞ የፊቱ ስፕሮኬት በ15 ጥርሱ እንዳለ ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት 12.5 በመቶ የበለጠ ይዞራል፤ ዳገቱን በቀላሉ ይወጣል፣ በሜዳ ላይ ግን ይጮኻል። እኔ በበኩሌ ለእኛ አገር መንገድ ጩኸቱን እመርጣለሁ።

የፔርኖው ውፍረት ካልተመሳሰለ ሞርዶ ማቅጠን አይፈቀድም፤ የሚለወጠው ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ነው። የኩሽኔታ ቁጥር ማንበብ ከለመዱ ብዙ ጊዜ መፍትሔው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። 6302 ውስጡ 15፣ ውጪው 42፣ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6004 ደግሞ ውስጡ 20 ሆኖ ውጪው ያው 42፣ ስፋቱም 12 ነው። ስለዚህ ለ15 ፔርኖ የተሠራ ታምቡር የ6302 ጎሬ ካለውና የእርስዎ ፔርኖ 20 ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ወገን የ1 ሚሊ ሜትር ቀለበት ጨምረው 6004 ማስገባት ይችላሉ፤ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችው ቱቦም 20 የሚያሳልፍ ውስጥ ይኑራት። በተቃራኒው ፔርኖው ከቀጠነ በቶርኖ የተሠራ የብረት ቡሽ ይገባል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችዋን ቱቦ ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ነገር ግን ዳዶው ሲጠብቅ ጫናውን የምትሸከመው እርሷ ናት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብታጥር ኩሽኔታዎቹ ከጎን ተጨቁነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ፤ ብትረዝም ደግሞ ኩሽኔታው በጎሬው ውስጥ መደላደል አቅቶት ቸርኬው ይነቃነቃል። ከውሃ ቱቦ ተቆርጣ እንዳትሠራ ለቶርኖ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሁለቱ ጫፎቿም ፍጹም ቀጥ ብለው ይቆረጡ።

ቸርኬው በሹካው ውስጥ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚስተካከለው የካቴናው መስመር ነው፤ የጎማው መሐል ቀጥሎ ይመጣል። ምክንያቱም የፊቱ ስፕሮኬት ከሞተሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ጎማው ግን በራጂ (ጠርዙን ከታምቡሩ ጋር በሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ሊጎተት ይችላል። ቀጥ ያለ ብረት በኋላው ስፕሮኬት ፊት ላይ ያስደግፉና ወደ ፊት ይመልከቱ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በፔርኖው ግራና ቀኝ ያሉትን ቀለበቶች በማቅጠን ወይም በማወፈር ያስተካክሉ። ከዚህ በኋላ የቸርኬው ጠርዝ ከግራው ክንድ 62፣ ከቀኙ ደግሞ 56 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ ጎማው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ሸሽቷል ማለት ነው። ይህን ለመመለስ ከቀኝ ወገን የሚነሱትን ራጂዎች ሁሉ በሩብ ዙር አላልተው፣ ከግራ የሚነሱትን በዚያው መጠን ያጥብቁ፤ ዙሩንም እስኪስተካከል ድረስ ይድገሙ። ከጠርዙ አልፎ የወጣ የራጂ ጫፍ ከመነዳሪውን ስለሚበሳ በሞረድ ይስተካከል። አንዳንድ ሞተሮች ግን ከፋብሪካ ጀምሮ ጎማቸው በሹካው ትክክል መሐል ላይ ስለማይሆን፣ የመጨረሻው ዳኛ ገመድ ነው፤ በኋላው ጎማ ሁለት ጎን የተወጠሩ ገመዶች ከፊቱ ጎማ ግራና ቀኝ እኩል ክፍተት ሊተዉ ይገባል።

አሁን ሰዎች በጣም ወደሚዘነጉት እንምጣ። የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው የታምቡር ክዳን ከሹካው ጋር የሚያያዘው በአንድ ዘንግ ነው። ፍሬን ሲያዝ ሸራዎቹ ታምቡሩን ስለሚጨብጡ ክዳኑም አብሮ መዞር ይፈልጋል፤ የሚከለክለው ያ ዘንግ ብቻ ነው። የተለየ ሞዴል ቸርኬ ሲገባ የክዳኑ ጆሮ ብዙ ጊዜ ከሹካው ጆሮ ጋር አይገጥምም፤ ሞተሩ ያለ ዘንጉም ስለሚሄድ ችግሩ አይታይም። ከዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ ቸርኬ ቀይሮልኝ ዘንጉን በድርብ ሽቦ አስሮ ሰጠኝ፤ እኔም ሳላየው ሐረጎን ወረድሁ። ሁለት ጠመዝማዛ በደህና አለፍሁ፤ በሦስተኛው ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ከኋላዬ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ክዳኑ ዞሮ የፍሬኑን መሳቢያ እንደ ቀስት አጎበጠው፣ ጎማውም ተቆልፎ ወደ መንገዱ ዳር ጎተተኝ። የዳንሁት የፊቱ መኪና ርቆ ስለነበር ነው። ዘንጉ ከአሮጌው ባልቀጠነ ጠፍጣፋ ብረት ይሠራ፤ በሁለቱ ጫፎቹ በብሎንና በዳዶ ይታሰር፤ ዳዶዎቹም እንዳይፈቱ ኮፒሊያ (የሚያግድ ሽቦ) ይግባባቸው። አዲስ ጆሮ በሹካው ላይ መበየድ ካስፈለገ ባትሪው ተፈትቶ በብየዳ ባለሙያ ይሠራ፤ ዘንጉን የካቴና ማስተካከያው ብሎን ላይ ማሰር ግን ለአንድ ቀንም ቢሆን አይገባም።

የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ካቴናው ከታች በኩል መሐሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲላላ አድርገው፣ የፔርኖውን ዳዶ አጥብቀው፣ ቸርኬውን በእጅ አዙረው የሚነካካ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ለሙከራ የሚሆን ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ የኮምቦልቻ ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ታምቡሩን በእጅዎ ጀርባ ይጠጉት፤ ፍሬን ሳይነካ የሚግል ከሆነ ሸራው ይነካካል ወይም ኩሽኔታው ተጨቁኗል። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ራጂዎቹንና ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ እስከዚያ ድረስ ሐረጎን አይውረዱ፤ ሲወርዱም ማርሽ አስገብተው እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው አይሁን።

በመጨረሻ የኩሽኔታዎቹን ቁጥር፣ የጥርሱን ብዛት፣ የካቴናውንና የጎማውን ቁጥር፣ የሸራውንም ሞዴል በቀለም ከመቀመጫው ሥር ይጻፉ፤ ዕቃ ሻጩ የሞተርዎን ሞዴል ሲጠይቅዎ ለኋላው ቸርኬ የሚነግሩት ያንን ይሆናል።