የመንገድ ዳር ሞቴልን ታሪክ እንዴት መቆፈር ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ በድሮ አውራ ጎዳና ዳር ያለ ትንሽ ሞቴል መቼ እንደተሠራና በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። መዝገብ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ሕንፃውን ዙሩት። በጀርባውም ጭምር። ፊቱን እያንዳንዱ ባለቤት ያድሰዋል፣ ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይቀራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለየብቻ የቆሙ ትንንሽ ቤቶች ካሉ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ቀጥሎ የመጣው ክፍልና የመኪና ጋራዥ እየተፈራረቁ በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰለፉበት አሠራር ነው። ኒው ሜክሲኮ፣ ቱኩምካሪ ያለው ብሉ ስዋሎው ሞቴል ጋራዦቹን እስከዛሬ እንደያዘ አለ። ሌሎች ብዙዎች ግን ጋራዡን ዘግተው ክፍል አደረጉት፤ ገንዘብ የሚያመጣው አልጋ ነዋ! ስለዚህ በሁለት ክፍሎች መሀል መስኮቱ የተለየ፣ ልስኑ ከጎረቤቱ ጋር ያልገጠመ ሰፊ ግድግዳ ካያችሁ ፎቶ አንሱት። የተዘጋ ጋራዥ ሊሆን ይችላል፣ የተዘጋበት ጊዜም ብዙ ጊዜ ከባለቤት ለውጥ ጋር ይገጥማል።

ፖስትካርድም ፈልጉ። አድራሻው ላይ ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአካባቢ መለያ ቁጥር) ካለ የታተመው ከ1963 ወዲህ ነው። ጀርባው ላይ የባለቤቶቹ ስም ሊኖር ይችላል። የሣሩን አረንጓዴነት ግን አትመኑ፣ አሳታሚዎቹ ቀለም መጨመር ይወዱ ነበር። ሳንቦርን የሚባሉት የእሳት መድን ካርታዎች ደግሞ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ሳይቀር ያሳያሉ፣ ብዙዎቹም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ሞቴሉ ከከተማ ወጣ ያለ ከሆነ ግን ካርታዎቹ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ የድሮ የአየር ፎቶ ይሻላል።

አሁን ወደ ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) የመሬት መዝገብ ቤት። ከዛሬ ጀምራችሁ ወደኋላ ሂዱ። የአሁኑን ባለቤት በገዢዎች ማውጫ ፈልጉና ማን እንደሸጠለት እዩ፣ ከዚያ ያንን ሻጭ ራሱን ገዢ አድርጋችሁ ፈልጉት፣ እንዲህ እያላችሁ ባዶ መሬት እስኪሆን ድረስ። ሰንሰለቱ ድንገት ከተቋረጠ ሰው ሞቶ ሊሆን ስለሚችል የውርስ ፍርድ ቤቱን ፋይል ጠይቁ።

ዋጋው ላይ ትበሳጫላችሁ። ሰነዱ ብዙ ጊዜ «በ10 ዶላርና በሌላ ዋጋ ባለው ነገር» ብሎ ያልፋል። ማንም ሞቴል በ10 ዶላር አልሸጠም! ግን እስከ 1967 መጨረሻ ድረስ ሰነዱ ላይ በሽያጩ ዋጋ ልክ የሚከፈል የፌዴራል የግብር ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ከ1940 ጀምሮ ለየ500 ዶላሩ 55 ሳንቲም ነበር፣ ስለዚህ የ22 ዶላር ቴምብር ካያችሁ ዋጋው ወደ 20,000 ዶላር ነው ማለት ነው። ገዢው የሻጩን የባንክ ዕዳ አብሮ ከተረከበ ግን ዕዳው በዚህ ሒሳብ አይገባም፣ እውነተኛው ዋጋ ከዚያ በላይ ይሆናል።

የፖስትካርዱና የመዝገቡ ስም ካልተስማማ አትደንግጡ። ሰውየው ተከራይቶ ያሠራው ይሆናል፣ ወይም በረጅም ጊዜ ክፍያ ገዝቶ ስሙ የዞረለት ዕዳውን ሲጨርስ ነው። አገር አቋራጭ ፈጣን መንገዶችን ካሠራው ከ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ በኋላ አዲሱ መንገድ መቼ ከተማውን ወደ ጎን ትቶ እንዳለፈም አጣሩ፤ በዚያ ሰሞን የተደራረበ ሽያጭ ካገኛችሁ ምክንያቱ ገበያው መድረቁ ሊሆን ይችላል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሞቴሎችን ከጉጃራት የመጡ ህንዳውያን ቤተሰቦች ገዝተዋል፣ ፓቴል የሚለው ስምም በየሰነዱ ይመጣል። ፓቴል የሆነ ሁሉ ዘመድ አይደለም። እዚህ ጋ ስም መከተል ትታችሁ የቦታውን መለያ ቁጥርና በሰነዱ ላይ የተጻፈውን የወሰን መግለጫ ቃል በቃል አመሳክሩ።